ድንጋይ ተወረወረ ተብሎ ጥይት ይተኮሳል? ያያችሁ ንገሩኝ

ጫማ ሰፊው

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እሑድ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ወሬው ከኑሮ ውድነት ተነስቶ ሰልፍ ላይ ደረሰ። የማከብረው አንድ ጎረቤቴ «ድንጋይ የወረወረ ሰው ጥይት ቢያገኘው ማንን ይወቅሳል?» አለ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። እኔ ሲኒዬን ረከቦቱ ላይ መልሼ ወጣሁ። ቶናው እንኳን አልደረሰም። ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መቀመጥ አቃተኝ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ፒያሳ ጫማ ሰፊ ነበርኩ። ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር፣ አምስት ደረጃ ወርዶ፣ በር ብቻ ያላት ክፍል። ቤቷ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብራ ፈረሰች። ጥቅምት 22 ቀን 1998፣ ማክሰኞ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ ሶል እየለጠፍኩ ነበር። መጀመሪያ ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ ፉጨት። ከዚያ ያ ድምፅ። ፒያሳ ያደገ ያውቀዋል። ሕንፃዎቹ መሐል ሲተኮስ አንዱ ጥይት ሁለት ሆኖ ይሰማል። በሩን ልዘጋ ስል ሰው በደረጃው ወረደ። አሥራ አንድ ሰው ገባ። ሦስት ሰው በማትይዝ ቤት።

መብራቱን አጠፋሁ። የማስቲሹን ጣሳ ከደንኩ፣ ሽታው ሰው እንዳይጥል። አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ደብተሯን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች፣ ድምፅ እንዳይወጣ። ከጎኔ ደግሞ አንድ ልጅ ነበር። 16 ዓመት ቢሆነው ነው። እጁን ኪሱ ከቶ ድንጋይ አወጣ። ቀስ ብሎ ከመዶሻዬ አጠገብ አስቀመጠው። ምንም አላለኝም፣ ምንም አላልኩትም። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጡ። መንገዱ ላይ የቀረው ጫማ ነው። ሥራዬ ስለሆነ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ሸራ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ተረከዙ የተነቀለ የሴት ጫማ። ሁሉም አንድ አንድ እግር። ሰብስቤ በሬ ላይ ደረደርኩት። ሰባቱን ባለቤቶቻቸው መጥተው ወሰዱ። የሌሎቹን ባለቤቶች አላየኋቸውም።

ስለዚያ ልጅ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ደረጃውን ሳይወርድ ተመትቶ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቴ «ድንጋይ ይዞ ነበር» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ይዞ ነበር። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እኔ የምለው ይሄን ነው። ድንጋይ የወረወረ ይያዝ፣ ይከሰስ፣ ይፈረድበት። ጥይት ግን ፍርድ አይደለም። የተኮሰ ሰው ደግሞ ለእያንዳንዷ ጥይት መልስ ይስጥ። የት ተኮስክ? ለምን? ማን አዘዘህ? «ማን ጀመረ» እያልን ስንጨቃጨቅ ይሄ ጥያቄ ሳይጠየቅ ያድራል።

ያያችሁ ጻፉልኝ። ፖሊስ የነበራችሁም ጻፉ። እናንተን ነው በተለይ መስማት የምፈልገው።

ባለ መስታወት ሱቅ

ወንድሜ፣ ስላሳለፍከው አዝናለሁ። ግን ሌላውንም ወገን ስማ።

እኔ ሱቄ ዋና መንገድ ላይ ነው። ለአራት ዓመት ዕቁብ ጥዬ የሞላሁት ዕቃ በአሥር ደቂቃ አለቀ። መስታወቱ ረገፈ። ሠራተኛዬ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ራሷ ላይ ደፍታ ተደበቀች። ኢንሹራንስ ስሄድ «ሁከት ውልህ ውስጥ የለም» አሉኝ። ያን ቀን ፖሊስ ባይደርስ ሱቁ ይቃጠል ነበር።

ስለዚህ «ሰላማዊ ሰልፍ» ሲባል እኔ በሬን ነው የምዘጋው። ሰልፈኛ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ መፈክር ይዞ ይወጣል፣ አንዱ ሱቅ ሊሰብር ይወጣል። ፖሊስ በዚያ ትርምስ ውስጥ የቱ የቱ እንደሆነ በምን ይለያል?

ቀይ ሻይ

በ98 ገና አልተወለድኩም። ቤት ውስጥ «193» ሲባል እሰማለሁ። አባቴ ቁጥሩን ይጠራና ወሬ ይቀይራል። ከየት የመጣ ቁጥር ነው? የሚያውቅ ካለ።

ጠበቃዋ

ቀይ ሻይ፣ ባጭሩ ልንገርህ።

ምርጫው ግንቦት 7 ቀን 1997 ተካሄደ። በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባ ለአንድ ወር ሰልፍ ከለከሉ። ውጤቱ ላይ ጭቅጭቁ በረታ። ሰኔ 1 ቀን ከተማው ውስጥ ተተኮሰ። ሁለተኛው ጫማ ሰፊው የሚነግረን የጥቅምቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። 193 የሚለው ቁጥር የኮሚሽኑ ነው። 193 ሲቪል ሞቷል፣ 6 ፖሊስ ሞቷል፣ 763 ሰው ቆስሏል። ይሄ ፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ላይም ያለ ቁጥር ነው። ሟቹ ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ ሌላ ቦታ ነው። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ወጡ። ከአሥሩ አባላት ስምንቱ «ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነው» ብለው ድምፅ ሰጥተው እንደነበር ከውጭ ሆነው ተናገሩ። ሰልፈኛው እጅ ላይ ጠመንጃም ቦምብም እንዳልተገኘ አስረዱ። ፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን «የጸጥታ ኃይሉ የወሰደው እርምጃ ተገቢ ነው» አለ። ሙታኑ እነዚያው፣ ቁጥሩ ያው፣ መደምደሚያው ለየቅል።

የተቃዋሚ መሪዎቹ ተከሰሱ፣ ተፈረደባቸው፣ ሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ። አንድ ነገር ልብ በል። እነሱ ቢያንስ ችሎት ቆመዋል። ማስረጃ ተሰምቶባቸዋል። የተተኮሰችው እያንዳንዷ ጥይት ግን ችሎት አልቆመችም። ጫማ ሰፊው የሚጠይቀው እሱን ይመስለኛል።

ጡረተኛው

ፖሊስ የነበረ ይጻፍ ስላልክ ጻፍኩ። 27 ዓመት አገልግያለሁ። ስሜን አትጠይቁኝ።

ጫማ ሰፊው፣ ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልቀየምኩህም። ግን ከወዲያ ማዶ የቆመውን ሰው ልንገርህ።

ሌሊት 10 ሰዓት ትቀሰቀሳለህ። ቁርስ የለም። መኪና ላይ ትጫናለህ። የት እንደምትሄድ ስትደርስ ታውቃለህ። ከዚያ መቆም ነው። ስድስት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት። ውሃ አይመጣም። ሽንት ቤት የለም። ፊት ለፊትህ የቆመው ልጅ ታናሽ ወንድምህን ይመስላል። እናትህን እየጠራ ይሰድብሃል። ዝም ትላለህ። ከዚያ ድንጋዩ ይመጣል። ከፊት የሚመጣው አያስፈራም፣ ታየዋለህ። የሚያስፈራው ከፎቅ የሚለቀቀው ነው። አጠገቤ የቆመ ባልደረባዬ ዓይኑ ፈሶ አይቻለሁ። ሁለት ልጆች ነበሩት። ጠበቃዋ «6 ፖሊስ» ብላ ጽፋለች። አመሰግናታለሁ። ብዙ ሰው 193ቱን ቆጥሮ ስድስቱን ይዘላል።

አሁን ዋናውን ልናገር። በእኛ ጊዜ አብዛኞቻችን ጋሻ አልነበረንም። የራስ ቁር ያለው ለጥቂቱ ነው። ቆመጥና ክላሽ ነው የተሰጠን። ጋሻ የያዘ ሰው ድንጋይ ሲመጣበት ጋሻውን ያነሳል። ክላሽ ብቻ የያዘ ሰው ክላሹን ያነሳል። ይሄን ለማወቅ ጀነራል መሆን አያስፈልግም። ለአለቆቼ ነግሬአቸዋለሁ። «በጀት የለም» አሉኝ።

ሰልፍ ሁሉ በጥይት አያልቅም። ሚያዝያ 30 ቀን 1997 መስቀል አደባባይ ማየት ነበረባችሁ። ከስታዲየም እስከ ባምቢስ ሰው ነበር። ሁለት ጣቱን እያወጣ ሲዘፍን ውሎ ወደ ቤቱ ገባ። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት ብርቱካን ሰጠችኝ። ፖሊሱ ያው ፖሊስ፣ ሕዝቡ ያው ሕዝብ። በወሩ ምን ተለወጠ?

ጫማ ሰፊው

ጋሼ፣ ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልን። የባልደረባዎ ዓይን ያሳዝናል፣ ከልቤ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። ትዕዛዙን ማን ሰጠ?

ጠበቃዋ

ጋሼ ጡረተኛው ስለ ጋሻ ያሉት ነገር ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፍ መርህ ነው። በ1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሃቫና ላይ በተደረገ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የጸደቀ ሰነድ አለ፣ ስለ ኃይልና ስለ ጦር መሣሪያ አጠቃቀም። ከመጀመሪያዎቹ ነጥቦች አንዱ መንግሥት ለፖሊሱ ጋሻ፣ የራስ ቁር፣ ጥይት የማይበሳው ልብስ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ምክንያቱንም ይናገራል፤ ፖሊሱ ራሱን መከላከል ከቻለ ወደ መሣሪያ አይሮጥም። ስለዚህ «በጀት የለም» ያለው አለቃ ለፖሊሱም ለሰልፈኛውም ዕዳ አለበት።

ሰነዱ ሌላም ይላል። ጥይት የሚፈቀደው የሰው ሕይወት ለማዳን ወይም ከባድ ጉዳት ለመከላከል፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። ሱቅ ለመጠበቅ አይደለም። የተሰበሰበ ሰው ለመበተን አይደለም። ሰው ከሞተ ወይም ከቆሰለ ሪፖርት ይጻፋል፣ ነፃ የሆነ አካል ያጣራል። «ታዝዤ ነው» ማለት ደግሞ ትዕዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ፣ እምቢ ማለት እየቻለ ለተኮሰ ሰው መከላከያ አይሆንም።

ባለ መስታወት ሱቅ፣ ወንድሜ፣ ሱቅህ ሲሰበር ዝም ይባል አልልህም። ሰባሪው በወንጀል ይጠየቃል። ግን መስታወት ይተካል።

ባለ መስታወት ሱቅ

እሱንማ ለእኔ አትንገሪኝ እህቴ። መስታወት እንደሚተካ አውቃለሁ፣ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ግደሉልኝ አላልኩም። ያዙልኝ ነው ያልኩት።

ድልድይ ሥር

ያዙልኝ ካልክ ስለ መያዝ ልንገርህ።

ሰፈሬ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው። ያኔ ታላቅ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። እናቴ ዳቦ ግዛ ብላ ላከችው። ሰልፉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በነጠላ ጫማ፣ በቁምጣ ወጣ። አልተመለሰም። አፈሳ መጥቶ መንገድ ላይ ያለውን ወንድ ሁሉ ጠርጎ ሄዷል።

እናቴ በየጣቢያው ዞረች። ምግብ በሳህን ቋጥራ ትሄዳለች፣ «እዚህ የለም» ይሏታል፣ ይዛው ትመለሳለች። ምግቡን አንበላውም ነበር። እሷም አትበላም። ለአምስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከከተማ ውጭ ካምፕ ነበር። ሲመለስ ራሱ ተላጭቶ፣ የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ፣ ከስቶ። እናቴ በር ላይ አይታው «ማንን ነው የፈለግከው የኔ ልጅ?» አለችው። ልጇን አላወቀችውም።

ፍርድ ቤት አልቀረበም። ቃል አልሰጠም። ምን እንዳጠፋ የነገረው የለም። አሁን ሱቅ የሰበረው ማነው? ያ ሰው አልተያዘም። ሮጦ አምልጧል። የሚታፈሰው መሮጥ ያላስፈለገው ነው። ዳቦ የሚገዛው።

ባለ መስታወት ሱቅ

ይሄን ሳነብ ትንሽ ቆየሁ።

እውነትህን ነው። እኔም ጣቢያ ሄጄ ነበር። ግቢው ሙሉ ልጅ ተቀምጧል፣ እጅ ወደ ላይ። መርማሪው «የትኛው ነው የሰበረብህ?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ከልጆቹ አንዱን ባሳየው ኖሮ ያ ልጅ ይታሰርልኝ ነበር። ዝም ብዬ ወጣሁ። የሰበረው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የመድረኩ አስተባባሪ

አንድ አስተያየት አንስቻለሁ። ብሔር እየጠራ የሚሳደብ ጽሑፍ እዚህ ቦታ የለውም። ክርክሩ ይቀጥል።

ቀይ ሻይ

እኔ ጭሱን አውቀዋለሁ። የካቲት 23 ቀን 2015 ምኒልክ አደባባይ ነበርኩ፣ ለዓድዋ በዓል። አያቴን ይዤ። ጊዮርጊስም የወሩ በዓል ነው፣ ታቦት ወጥቷል። አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ግቢው ውስጥ ሁሉ ገባ። አያቴን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ወጣሁ። «እሳት ነው? ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ?» ትለኛለች። ዕድሜዋ 78 ነው።

ድንጋይ አልነበረም። ቢያንስ እኔ ባለሁበት ድንጋይ የሚባል አላየሁም። በዓል ነው የሄድነው። ስለዚህ «ድንጋይ ካልወረወርክ ምንም አትሆንም» የሚል ሰው እኔን ይጠይቀኝ።

ሁለት ጥያቄ። አስለቃሽ ጭስ ጦርነት ላይ ክልክል ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ደግሞ ሰልፍ ለመውጣት ማስፈቀድ ግድ ነው አይደል?

ጠበቃዋ

የመጀመሪያው እውነት ነው። በ1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተፈረመው የኬሚካል መሣሪያ ስምምነት በጦር ሜዳ መጠቀምን ይከለክላል። ለፖሊስ ሥራ ግን ይፈቅዳል። ለብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ነው። ምክንያት አለው። ጦር ሜዳ ላይ ጭስ የታየ እንደሆነ ሌላው ወገን መርዝ መስሎት በመርዝ ይመልሳል ተብሎ ተፈርቶ ነው። ለፖሊስ ተፈቀደ ማለት ግን አረጋውያንና ሕፃናት ባሉበት ይተኮስ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባለሥልጣናትም ይሳሳታሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 «ሰላማዊ ሆኖ፣ መሣሪያ ሳይያዝ የመሰብሰብና ሰልፍ የማድረግ» መብት ይሰጣል። የአፈጻጸሙ ሕግ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። አዋጁ የሚለው «አሳውቁ» ነው። ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ። ቀኑ ወይም ቦታው ካልተመቸ መሥሪያ ቤቱ ምክንያቱን ጽፎ ሌላ ቀን ወይም ሌላ ቦታ ያስይዛል። ከነጭራሹ አይሆንም የማለት ሥልጣን ግን አልሰጠውም። በተግባር «ማሳወቅ» የሚለው ቃል «ማስፈቀድ» ሆነ። ደብዳቤ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ተቀባይ ታጣለህ። የተቀበለህ ሰው ማኅተም አይመታልህም። ከዚያ ስትወጣ «ያልተፈቀደ ሰልፍ» ትባላለህ። ዱላው ገና ሳይነሳ ጨዋታው አልቋል።

ሲሠራ ግን ይሠራል። ግንቦት 25 ቀን 2005 ሰማያዊ ፓርቲ ሰልፍ ጠራ። ከ97 ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ሰልፍ አልታየም ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ አልፎ ቸርችል ጎዳና ወረደ። ያለ ጥይት ገባ።

የስድስት ኪሎዋ

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ታኅሣሥ 1962 ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ።

ጥላሁን ግዛው የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። አፍንጮ በር አካባቢ ማታ ተገደለ። በማግስቱ ሬሳውን ግቢ አምጥተን ከብበን ቆምን። ልንቀብረው ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረንም። የክብር ዘበኛ ገባ። ሬሳውን ሊወስዱ ነው የመጡት። ተኮሱ። ያን ቀን ከአጥሩ ሥር ተኝቼ የሣሩን ሽታ አስታውሳለሁ። ታኅሣሥ ነው፣ ደርቋል። አፌ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ያኔም «ድንጋይ» ይባል ነበር። ደርግ መጣ። ሚያዝያ 1969፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ ያስተማርኳቸው ልጆች ሞቱ። ድንጋይ ማለት እንኳን ቀረ፣ «ፀረ አብዮት» ሆነ። ሚያዝያ 1993 እንደገና እዚያው ስድስት ኪሎ ተማሪው ተነሳ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን የሚል ነበር። ረብሻው ከተማውን አዳረሰ፣ ከ30 በላይ ሰው ሞተ። ሦስት መንግሥት አይቻለሁ። ስሙ ይለወጣል፣ ዩኒፎርሙ ይለወጣል። ከተተኮሰ በኋላ የሚባለውን ግን አንዱ ከአንዱ የገለበጠው ይመስላል።

ጡረተኛው፣ አንተን መውቀሴ አይደለም። ብርቱካን ከሰው እጅ የተቀበልክ ሰው ነህ። ግን ጫማ ሰፊው የጠየቀህን አልመለስክለትም።

ነጭ ጋዋን

ነርስ ነኝ። መሐል ከተማ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በ98ም ነበርኩ፣ ገና ከትምህርት ወጥቼ።

መጀመሪያ ለልጆቹ የሚጠቅም ነገር ልናገር። ጭስ ከነካችሁ ዓይናችሁን አትሹ። ነፋሱ ወደሚመጣበት ሂዱ። በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ የሚሉትን ተዉት፣ ይባስ ያቃጥላል። ልብሳችሁን ቀይሩ። አስም ያለበት ሰው ካለ ጊዜ አትስጡት፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ጣሳውን በእጅ አታንሱ፣ የሚያቃጥል ብረት ነው። እጃቸው የተላጠ ልጆች መጥተውብኛል።

አሁን ያየሁትን። በ98 ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ አንጥፈን ነበር የምንሠራው። ጓንት አለቀ። ደም የሚሰጥ ሰው አጥሩ ላይ ተሰልፏል፣ ሰልፈኛ ሳይሆን ሰፈርተኛ። ቁስል ይናገራል። ከፊት የተመታና ከኋላ የተመታ ሰው ይለያል። ብዙ ከኋላ አይቻለሁ። የሚሮጥ ሰው ድንጋይ አይወረውርም። አንድ ፖሊስም መጥቶልናል፣ ግንባሩ ተከፍቶ። ከሰልፈኞቹ አጠገብ ነው ያስተኛነው፣ ሌላ ቦታ የለም። አጠገቡ ያለው ልጅ ውሃ ሲጠይቅ የራሱን ኮዳ አቀበለው።

አንድ ነገር አይወጣልኝም። አንዲት ሴት መጣች። ሰልፍ አልወጣችም። በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ነው የተመታችው። ጥይቱ የገባው ከትከሻዋ በላይ ነው፣ ወደ ታች ነው የሄደው። ሐኪሙ «ማን ከላይ ሆኖ ተኮሰባት?» አለ። ከላይ የተኮሰ ሰው የለም። ሰማይ ላይ የተተኮሰ ነው፣ ሲመለስ አገኛት። መቆንጠጫዋ እጇ ላይ ነበር። የልብስ መቆንጠጫ፣ አረንጓዴ ፕላስቲክ። አልለቀቀችውም።

ድልድይ ሥር

«ወደ ሰማይ ተኮስን» ሲሉ ሰው ይረጋጋል። እኔም እረጋጋ ነበር። ጥይት የትም ይወድቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቀይ ሻይ

አባቴን ዛሬ ማታ ጠየቅኩት። ይሄን ክር አሳየሁት። ስለ 193ቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አልቀየረም። የሥራ ባልደረባው ነበር አለኝ። የቢሮው ጠረጴዛ ለወራት ባዶ ነበር አለ። ሌላ አልነገረኝም። ቀስ ብሎ ይነግረኛል።

ጫማ ሰፊው

ሁላችሁም ተባረኩ። ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅኩም።

ባለ መስታወት ሱቅ፣ ጎረቤቴ ላይ የተናደድኩትን ያህል አንተ ላይ ልናደድ ነበር። ያን ጣቢያ ገብተህ ማንንም ሳታሳይ መውጣትህን ሳነብ ነው የተውኩት።

ያ ልጅ የተወው ድንጋይ ቤቷ እስክትፈርስ አብሮኝ ነበር። ለመዶሻ ማሳረፊያ አደረግኩት። ዕቃ ስናወጣ ከፍርስራሹ ጋር ሄደ።

ጋሼ ጡረተኛው፣ እትዬ እንዳሉት ጥያቄዬ አሁንም አለ። ሊከስዎት የፈለገ ሰው የለም። ማን እንዳዘዘ ማወቅ ነው የምፈልገው።

ጡረተኛው

ሦስት ቀን አሰብኩበት።

ትዕዛዙን ማን ሰጠ ላልከኝ፤ እኔ በቆምኩበት «ተኩስ» ያለን የለም። «አትተኩስ» ያለንም የለም። ሬዲዮው «አካባቢውን አጽዱ» ነው ያለው። አጽዱ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላብራራም፣ ማንም አልጠየቀም። ያን ቃል የተናገረው ሰው ዛሬ ቢጠየቅ «ተኩሱ አላልኩም» ይላል። እውነቱን ነው። እኛ ብንጠየቅ «ታዝዘን ነው» እንላለን። እሱም እውነት ነው። ጠበቃዋ፣ ይሄን ሕግሽ እንዴት እንደሚያየው አንቺ ታውቂያለሽ።

ግራና ቀኜ የነበሩት ምን እንዳደረጉ አልናገርም፣ አንዱ ሞቷል። የራሴን ግን እናገራለሁ። ባልደረባዬ ዓይኑን ይዞ ወደቀ። ልጆቹ እየመጡ ነው። ሰው ላይ ማነጣጠር አልቻልኩም። ሁለት ጥይት ወደ ሰማይ ተኮስኩ። ልጆቹ ሸሹ። ይህን ያህል ዓመት «እኔ ማንንም አልገደልኩም» ብዬ ነው የኖርኩት። ለንስሐ አባቴም እንዲሁ ነው ያልኩት። ማታ የቀሩኝን ጥይቶች አስረከብኩ። ሁለት ጎድሏል። የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ወረቀት አልተሞላም።

ነጭ ጋዋን፣ ልጄ። የጻፍሽውን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያቺ ሴት ሰፈሯ የት ነበር? ቀኑ ረቡዕ ነበር? እኔ ረቡዕ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ።

ነጭ ጋዋን

ጋሼ፣ ሰፈሯን አላስታውስም። መዝገቡ እጄ ላይ የለም። ረቡዕ ይሁን ሐሙስ መለየት አልችልም፣ ሁለቱንም ቀን ቤቴ አልገባሁም። ብነግርዎት ደስ ይለኝ ነበር።

አልሞተችም። ሁለት ሳምንት ተኝታ ወጣች። ግራ እጇን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት ግን አትችልም ነበር፣ ስትወጣም እህቷ ነበረች ቀሚሷን ያለበሰቻት።